ዕጣዋ የት ገባ?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እንጅባራ ውስጥ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተቀምጠን ነበር። ርዕሱ «ሥራንና ቤተሰብን አጣጥሞ መምራት» ይላል። አሠልጣኙ ወረቀት አደለንና ሦስት ዓምድ አሰመረን፤ በመጀመሪያው የሥራ ግብ፣ በሁለተኛው የቤተሰብ ግብ፣ በሦስተኛው የራሳችንን ግብ እንድንጽፍ ነው። ጽፈን ስንጨርስ «ልምድ ያላችሁ አካፍሉን» አለ። አጠገቤ የተቀመጠች ባልደረባዬ ተነሣች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ አማቷም ከእሷ ጋር ይኖራሉ። «እኔ ሌሊት አሥር ሰዓት እነሣለሁ» ብላ ጀመረች። እንጀራው ተጋግሮ፣ የልጆቹ ምሳ ተቋጥሮ፣ የአማቷ አጥሚት ሞቆ፣ ትንሹ ልጅ ጎረቤት ደርሶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል እሷ ቢሮ ወንበሯ ላይ ናት። ማታ ሁሉም ሲተኛ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏን ትከፍታለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሠልጣኙ «ይኸውላችሁ፣ ጠንካራ ሴት!» አለ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ስትቀመጥ ወረቀቷን አይቼዋለሁ። የሥራው ዓምድ ሞልቷል፤ የቤተሰቡ ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ፈሷል። የራስ ግብ ከሚለው ሥር የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እንቅልፍ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ጭብጨባ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም እስካሁን አልበረደም። አዳራሽ ሙሉ ሰው አንዲት ሴት እንቅልፏን ለቤትና ለቢሮ ገብራ እንደምትኖር በጆሮው ሰማ። ባሏ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የጠየቀ ግን አልነበረም። አማቷን በመጦር ማን እንደሚያግዛት የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አንገቴን ደፍቼ ወረቀቴን ሳይ ነበር፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

በእኛ አገር ሥራና ቤተሰብ ተጣጣሙ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከማን ተወስዶ? ቀኑ ለሁሉም ሃያ አራት ሰዓት ነው። አንድ ቤት ውስጥ የአንዱ ግብ ሲሳካ ሰዓቱም ጉልበቱም ከአንድ ሰው ላይ መጥቷል። ያንን ሰው በስሙ ጥሩልኝ ነው የምለው። በ2005 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ በአገር ደረጃ አጥንቶ ነበር፤ ያልተከፈለው የቤት ሥራ በብዛት የወደቀው ሴቶች ላይ መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ዜና አልነበረም። እናቶቻችን ቁጥር ሳይጽፉ ሲናገሩት የኖሩት ነው።

«ችግሩ ሕዝባችን ማቀድ አለማወቁ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ፋግታ ለኮማ ወረዳን አልረገጡም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ አዲስ ቅዳም ሲደርሱ ወርደው ግራና ቀኝ ይመልከቱ። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል እንቢ ያለው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣውን ግራር ይዞ ምን እንደሠራ ያያሉ። ክረምት ላይ ማሳውን አርሶ ጤፍ ይዘራል፤ በዚያው ማሳ ላይ ችግኙን ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያፍሳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ያጭዳል፤ ለከብቱ ሰጥቶ የተረፈውን ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይቆርጥና እንጨቱን ከምሮ፣ በአፈር አፍኖ ያከስለዋል። ከሰሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በአይሱዙ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ መሬቱ አገግሞ ይነሣል፤ ገበሬው ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ማሳውን ከፋፍሎ አንዱን ዘንድሮ፣ አንዱን ለከርሞ፣ ሌላውን ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት የተከለ ሰው በየዓመቱ የሚቆርጠው አያጣም።

ይህ ዕቅድ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? የአምስት ዓመት ሐሳብ፣ በየዓመቱ የሚገባ ገቢ፣ መሬቱን የሚያሳርፍ ዙር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሳስሮ በአንድ ገበሬ ጭንቅላት ውስጥ አለ። በዳንግላ በኩል ደግሞ ውኃው ቅርብ በመሆኑ ገበሬው ጓሮው ውስጥ በእጁ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዝናቡ ሲያቆም ሽንኩርቱንና ጌሾውን ያጠጣል። የአዊ ዞን ሰው ማቀድ ያውቃል። አውቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሴቶቻችንን ሰብስቦ ዕቅድ ማስተማር የተሳሳተ ቤት ማንኳኳት ነው።

አባቴ መጀመሪያ ባሕር ዛፍ፣ ኋላ ዲከረንስ ይተክል ነበር። ችግኙ ገና ከጉልበት ሳያልፍ በጣቱ እያመለከተ «ይህ ቆርቆሮ ነው፤ ያኛው የልጄ ሠርግ ነው፤ የታችኛው የትንሿ ትምህርት ነው» ይላል። ልጄ የሚለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ትንሿ እኔ ነኝ። በመካከላችን አንዲት እህት አለች፤ ከእኔ አራት ዓመት ትበልጣለች። ለእሷ የተተከለ ዛፍ አልነበረም።

ሰባተኛ ክፍል እያለች እናታችን ታመመች። አንድ ቀን ጠዋት እህቴ ደብተሯን ከግድግዳው ላይ አላወረደችም። የከለከላት የለም። ቤተሰቡን የሰበሰበ የለም። «አንቺ ቅሪ፣ እነሱ ይሂዱ» ያላት የለም። ውኃ መቀዳት ነበረበት፣ ቀዳች፤ ሊጥ መቦካት ነበረበት፣ አቦካች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቷ ቤታችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወሬ ተነሥቶ አያውቅም። እኔ ዘጠነኛ ገብቼ ዳንግላ ቤት ስከራይ በገበያ ቀን ደርቆሹንና ሽሮውን ተሸክማ የምታደርስልኝ እሷ ነበረች። በር ላይ አስቀምጣልኝ፣ ውኃ ጠጥታ ትመለሳለች። አንድ ቀን አልጋዬ ላይ የተዘረጋውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንሥታ ገጹን ስትገልጥ አየኋት፤ እንዳየኋት ስታውቅ ቶሎ አስቀመጠችው። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነው።

በክልላችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፤ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል ናቸው ይላል። ለዚህ የደከሙ ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ባሏ ሲሞት ከመሬቷ ያልተነቀለች ሴት ሁሉ ይህን ትመሰክራለች። እናቴ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ፎቶ የተነሣችው ለዚያ ደብተር ነው። ግን የላይኛው ማሳ ለአምስት ዓመት ዛፍ ይሁን ተብሎ የተወሰነው ወንዶች በተቀመጡበት፣ ከቤት ውጪ ነበር። ማሳው ዛፍ ሲሆን ከዚያ ይመጣ የነበረው ባቄላና ድንች ቀረ። ወጡን የምትሠራው እሷ ስለሆነች የባቄላውን መቅረት መጀመሪያ ያወቀችው በማጀቷ ነው። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ነበረ፤ ቃሏ ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ከሰሉ ሲወጣ ጥቁር ብናኙን እየማገች የምትለቅመው፣ በከረጢት የምትሞላው እሷ ናት። አይሱዙው መጥቶ ብር ሲቆጠር የሚቆጥረው እጅ የእሷ አይደለም። ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ሜዳሊያ ሲንጠለጠልም አንገቱ የእሷ አይደለም።

ወንዶቻችን አይለፉም አላልኩም፤ እንዲህ ብል እዋሻለሁ። የከሰሉ ክምር አየር አግኝቶ እንዳይነድ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጠዋት ጋቢው ላይ ውርጭ ሰፍሮበት ሲመጣ አይቻለሁ። የዚህን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን የአባቴ ልፋት ስም ነበረው፤ ማብቂያም ነበረው። ከሰሉ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ቆርቆሮው ይመታል፣ «የእገሌ ቤት» ይባላል። የእናቴ ልፋት ማታ አልቆ ጠዋት ከባዶ ምጣድ ይጀምራል። ይህን ልፋት ማንም ቆሞ አልቆጠረውም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ የሚከፈል ዕዳ አይሆንም።

ዕቁብን እንውሰድ። መናኸሪያ አካባቢ ካለው ባለ ሱቅ እስከ መሥሪያ ቤታችን ጽዳት ሠራተኞች ዕቁብ የማይጥል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል። ሁሉም በየሳምንቱ ይጥላል። ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ይወስዳል፤ ወስዶም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ያልደረሰው ይጠብቃል፤ ግን ተራው እንደማይቀር ያውቃል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ መቼ እንደሚደርሰውም ያውቃል። አንዲት ሴት ሃያ ዓመት ሳታጓድል ጥላ አንድ ቀን ዕጣዋ ሳይወጣ ቢቀር አገር ይነሣል። ዳኛውና ጸሐፊው ይከሰሳሉ፤ ዋሱ ይያዛል።

እህቴ በየቀኑ ጥላለች። ወንድሜ ሠርጉን ወሰደ፤ አባቴ ቆርቆሮውን ወሰደ፤ እኔ ትምህርቴን ወሰድኩ። የእሷ ስም ያለበት ወረቀት ግን መጀመሪያውኑ ተጠቅልሎ ጣሳው ውስጥ አልገባም። እኛ ቤት የተሠራው ይህ ነው፤ አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚሠራውም ይኸው ነው። ሰው ለሰው ቢጠብቅ ነውር የለበትም። አንዱ ተምሮ እስኪጨርስ ሌላው ቢቆይ፣ ሚስት ትመረቅ ዘንድ ባል መሬት መግዛቱን ቢያዘገይ ይህ ቤተሰብ ነው። ቀን የተቆረጠለት ትዕግሥት ብድር ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ዘረፋ ነው፤ ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። ያው ገበሬ ለዛፉ «በአምስተኛው ዓመት ጥር ላይ ትቆረጣለህ» ብሎ ቀን ይሰጠዋል። ለሴት ልጁ ቀን አልሰጣትም።

በየሥልጠናው የደራርቱ ቱሉ ስም ይነሣል። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች፤ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ደገመችው። ይህን ስሰማ ዛሬም ዕንባዬ ይመጣል። ግን ታሪኩን የሚያነሡት «እሷ ከቻለች አንቺ ምን አነሰሽ?» ለማለት ነው። አገር ከኋላዋ የቆመላትን ሯጭ፣ ከሥራ ወጥታ ጀሪካን ተሸክማ ለውኃ ከምትሰለፍ መምህርት ጋር ማስተካከል ሁለቱንም ማሳነስ ነው። የደራርቱን ጀግንነት የሴቶችን አፍ ለመዝጋት አታውሉት።

ወደ ቢሮ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ሦስት ቀን! እኛ ዘንድ አራስ ልትጠይቅ የመጣች አክስት እንኳ ከዚያ በላይ ትሰነብታለች። አባትን ከገዛ ልጁ ቤት ከአክስት ያነሰ እንግዳ ያደረገ ሕግ፣ በኋላ ልጅ ሲታመም ማን ከሥራ እንደሚቀር አስቀድሞ ወስኗል። ቀሪዋ እናት ናት። በየወሩ የምንሞላው ምዘና ላይ ግብ አለ፣ ክብደት አለ፣ ክንውን አለ፤ ልጇ ታሞ ሰኞ የቀረችው ሴት ነጥብ ይቀነስባታል። ልጁ የሁለት ሰው ነው፤ ነጥቡ የሚጎድለው ከአንዷ ነው። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ተብሎ ለሪፖርት የተመዘገበ ክፍል ነበር። በሩ ላይ የሕፃን ሥዕል ተለጥፏል፤ ውስጡ የተበላሸ ኮምፒውተርና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። የአምስት ወር ልጅ ቤት ትቼ፣ ጡቴ እየፈሰሰ በዚያ በር ፊት ስንት ቀን እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልጻፍ።

ልጄን ስወልድ ከዚሁ ከዞናችን ገጠር አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አመጣሁ። ለአባቷ «የማታ አስተምራታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ አስመዘገብኳትም። ስብሰባ ሲረዝም፣ መስክ ስወጣ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስብኝ ልጁን የሚይዝ አልነበረም፤ ከክፍል የምትቀረው እሷ ነበረች። ሚያዝያ ላይ መምህሯ አስጠራኝ። «ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከሁለት ቀን አንዱን ግን የለችም» አለኝ። ያን ዓመት ምዘናዬ ከፍተኛ ነበር፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጥቶኛል። ልጅቷ ወደቀች። አባቷ መጥቶ ወሰዳት፤ ሲሄድ አመስግኖኝ ነው የሄደው። ያ ምስጋና እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀርቷል።

ባለቤቴ የት ነበር? ክፉ ሰው አይደለም። ከሥራ አሥራ አንድ ተኩል ይወጣል፤ የማታው ትምህርት የሚጀምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቢሮው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ ቀን «እኔ ልያዘው፣ ትሂድ» አላለም። እኔም አንድ ቀን «ያዝ» አላልኩትም። ከባሌ ላይ አንድ ሰዓት ከመጠየቅ ከአንዲት የሰው ልጅ ላይ ሙሉ ዓመት መውሰድ ቀለለኝ። እህቴ ላይ የተሠራውን እኔ ተምሬ፣ ደሞዝ አግኝቼ፣ ሌላዋ ላይ ሠራሁት።

የእንጅባራና የዳንግላ ሠራተኛ ሴቶች፣ ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በየቤታችን ጓዳ ውስጥ የማታ ደብተሯ የተቀመጠ አንዲት ልጅ አለች። እኛ ከባሎቻችን ጋር መጋፈጥ ያቃተንን እሷ ትከፍልልናለች። ስለ ሴቶች መብት ስብሰባ ላይ ተናግረን ስንመለስ በሩን የምትከፍትልን እሷ ናት።

«ባህላችን ነው» የሚለኝ ሰው ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይመጣል። ባህሌን እወደዋለሁ። ሰባት ወንድማማቾች ከወደ ሰቆጣ መጥተው ሰባቱን የአገው ቤት እንደመሠረቱ የሚነገረውን ትውፊት ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ መተከል። የሚስቶቻቸውን ስም ግን አንድም ሽማግሌ ነግሮኝ አያውቅም። ሰባት ቤት ያለ ሰባት ምድጃ አይቆምም። ጥር 23 ፈረሰኞቻችን እንጅባራ ላይ ሲወጡ ደረቴ ይሞላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞቹ ማኅበር የዓድዋን አደራ ከአባት ወደ ልጅ እያሸጋገረ ዛሬ ደርሷል፤ ማኅበሩ ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ሲቸገሩ ይደግፋል። አንድን ዓላማ ሦስትና አራት ትውልድ ተሸክሞ ማድረስ የቻለ ሕዝብ የአንዲትን ሴት ልጅ ዓላማ አምስት ዓመት መሸከም አያቅተውም። የሚያቅተው ካልፈለገ ብቻ ነው። ለፈረሱ ሣር ያጨደችው፣ ገብሱን ያበጠረችው ሴት ግን ጥር 23 ቀን ሜዳው ዳር ቆማ ታያለች።

አይለወጥም የሚል ካለ ከባሕር ዳር አልፎ ወደ ወረታ በኩል ይዝለቅ። ዙምራ ኑሩ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ ከአባቱ እኩል እርሻ ውላ ማታ ደግሞ ለብቻዋ የቤቱን ሥራ ስትሠራ እያየ «ለምን?» አለ። እብድ አሉት። በ1964 ዓ.ም. አውራ አምባ የተባለውን ማኅበረሰብ ከመሰሎቹ ጋር መሠረተ፤ በኋላም ከቀያቸው ተሰደው ተመልሰዋል። እዚያ ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፤ ሥራ የሚታደለው በአቅም ነው። የጎረቤት ሰው ሳቀባቸው፣ ከዚያ ጠላቸው፣ ከዚያ አገር ለአገር ዞሮ ሊያያቸው መጣ። እነሱም አማራ ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ምጣዳቸውም እንደኛው ምጣድ ነው።

ያለፉት ዓመታት ዕቅድ የሚባለውን ሁሉ አናግተውብናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ውስጥ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ የተዘጋጀው ከሰል ማሳ ላይ ቆሟል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ቤት ውሏል። የነገን ማሰብ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ልናገር፤ ሁሉም ነገር ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠበው በሴት ልጅ በኩል ነው። ከማውቃቸው ሁለት ቤቶች ውስጥ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወንዱ ተመልሷል፤ እህቱ ተድራለች። ሁለቱም አባቶች «ምን ላድርግ፣ ጊዜው ነው» አሉኝ። ጊዜው ለወንዱም ያው ነበር።

ባለፈው ሰኔ እህቴ ቤት ሄድኩ። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አራት ልጆች አሏት። ባለቤቷን፣ ትልቋን ልጇንና ሁለተኛውን ልጅ አስቀመጥኩና ከልጆቹ በአንዱ ደብተር ጀርባ ላይ እንድንጽፍ ጠየቅኳቸው። ማን ምን ይፈልጋል? ማን ይቀድማል? የሚቀረው እስከ መቼ ይጠብቃል? የታችኛው ዲከረንስ በሚመጣው ጥር ይቆረጣል፤ ብሩ ለማን ለማን? ባለቤቷ በሬ አለ። ትልቋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስክታልፍ ዳንግላ የቤት ኪራይ አለች። ልጁ የሞባይል ጥገና መማር ይፈልጋል። እህቴ ቡናውን ቀድታ ተቀመጠች። «እኔ ምን አለኝ» አለች። ዝም አልን። ዝምታው ሲረዝምባት ዓይኗን ከረከቦቱ ሳታነሣ «ስምንተኛን ብፈተን» አለች።

ልጇ ሳቀች፤ ከዚያ እናቷን አየችና አቆመች። ባለቤቷ በራሱ እጅ ጻፈው። አራተኛው መስመር ላይ፣ ስሟን፣ ከጎኑም ዓመቱን፣ 2018። የማታ መመዝገቢያ፣ ደብተር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ እራት የምትሠራው ልጅቷ፣ ከብት የሚያስገባው ልጁ፣ ውኃ የሚያመጣው እሱ። እሱ ራሱ ነው «ውኃውን እኔ» ያለው። ስሰማ ማመን አቃተኝ።

ኅዳር ላይ ደወለችልኝ። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ዲከረንስ ላይ የወረደው የዝገት በሽታ የእነሱንም ማሳ ይዞታል። ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ይረግፋል፤ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ይደርቃል። የጠበቁት ብር በግማሽ ሊቀንስ ነው። ሄድኩ። ያንኑ ደብተር አውጥተው መሬት ላይ አስቀምጠውታል። አንድ መስመር መሰረዝ አለበት። ባለቤቷ እስክሪብቶውን ይዞ ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ በሬው፣ የቤት ኪራዩ፣ ጥገናው። እስክሪብቶው አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ማንም አልተናገረም። እህቴ ከቡሃቃው አጠገብ ተነሥታ መጣች፤ ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ዘርግታ ደብተሩ ላይ አሳረፈችው። አላነሣችውም።